የስፒትፋየርን አምሳያ በቤት ውስጥ ስለ መሥራት

ልጆች ከትምህርት ቤት ተመልሰው ጥናታቸውን ከፈጸሙ በኋላ የሚተርፋቸውን ጊዜ በምን ቢያሳልፉት ይጠቅማቸዋል የሚለው ጥያቄ በየቤቱ የሚነሣ ነው። ጨዋታን ሁሉ መከልከል አይገባም፤ ልጅ ያለ ጨዋታ አያድግምና። ነገር ግን ጨዋታ ሁሉ አንድ አይደለም። ሲያልቅ ምንም ሳያስቀር የሚያልፍ ጨዋታ አለ፤ በእጅ ብልኃትን፥ በዓይን ማስተዋልን፥ በልብም ትዕግሥትን አስቀምጦ የሚያልፍ ጨዋታ ደግሞ አለ። ዛሬ ለተከበሩ አንባቢዎቻችን የምናቀርበው ከሁለተኛው ወገን የሆነውን ነው፤ ይኸውም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእንግሊዝ ሰማይ ላይ የተዋጋውን፥ ስፒትፋየር የተባለውን አይሮፕላን በትንሽ መጠን ከእንጨት መሥራት ነው።

ሥራው ትንሽ ቢመስልም በስተጀርባው ያለው ነገር ትንሽ አይደለም። የአይሮፕላንን መልክ አጥርቶ ማወቅና አለማወቅ በዚያ ጦርነት የብዙ ሰው ሞትና ሕይወት የተለየበት ጉዳይ ነበረ። ስለዚህ አሠራሩን ከመግለጣችን በፊት፥ አምሳያው የምን አምሳያ እንደ ሆነና ልኩም ስለ ምን መጠበቅ እንዳለበት ጥቂት እንናገራለን። ዓመታቱንና ወራቱን የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ስለ አይሮፕላኑና ስለ ሠሪው

ስፒትፋየርን ያሰበው ረጂናልድ ሚቸል የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነው። ሚቸል በ1895 ተወለደ፤ ገና ተማሪ ሳለ በቤቱ ትንንሽ የአይሮፕላን አምሳያዎች እየሠራ ያበር ነበር። ኋላም የባቡር መኪና በሚሠራበት ፋብሪካ ገብቶ የእጅ ሥራን ከሥሩ ተማረ። ከዚያ ወደ ሱፐርማሪን ኩባንያ ተዛውሮ ዋና መሐንዲስ እስከ መሆን ደረሰ፤ በውኃ ላይ የሚያርፉ የእሽቅድምድም አይሮፕላኖችንም ሠራ። ከእነዚህም አንዱ በ1931 ሽናይደር የተባለውን ታላቅ ዋንጫ ለእንግሊዝ አገር አስገኘ።

በ1933 ሚቸል ጽኑ ሕመም አድሮበት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሰውነቱ ቢደክምም ሥራውን አልተወም። የመጀመሪያው ስፒትፋየር ማርች 5 ቀን 1936 ሳውዝሃምፕተን ከተባለው ከተማ አጠገብ ካለው ከኢስትሊ ሜዳ ተነሥቶ በረረ። ሠሪው ግን ጁን 11 ቀን 1937 በ42 ዓመቱ ሞተ፤ አይሮፕላኑ በ1938 ኦገስት ለአየር ኃይል ሲሰጥ ለማየት አልታደለም። ከሞተ በኋላ እስከ 1948 ድረስ በልዩ ልዩ ዓይነት ከ20,000 በላይ ስፒትፋየሮች ተሠሩ።

ይህን አይሮፕላን ከሌሎቹ የሚለየው በተለይ ክንፉ ነው። ክንፉ ከላይ ሲታይ ሞላላ ሆኖ ወደ ጫፉ እየጠበበ ይሄዳል። ይህም ለጌጥ የተደረገ አይደለም። ክንፍ ቀጭን ሲሆን አየሩን በቀላሉ ይሰነጥቃል፤ ነገር ግን እጅግ የቀጠነ እንደ ሆነ ጎማውና መትረየሱ የሚገቡበት ስፍራ ይጠፋል። ሞላላው ቅርጽ ክንፉን በገላው አጠገብ ሰፊ ስላደረገው፥ ቀጭንነቱን ሳይለቅ ስምንት መትረየሶችንና የሚታጠፉትን ጎማዎች ለመያዝ አስቻለው። የመጀመሪያው ዓይነት ስፒትፋየር ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 11.23 ሜትር፥ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ 9.12 ሜትር ነበረ። ሮልስ ሮይስ የሠራው መርሊን የተባለው ባለ 12 ሲሊንደር ሞተሩ ከ1,000 የፈረስ ጉልበት በላይ ነበረው፤ በአንድ ሰዓትም ከ560 ኪሎሜትር በላይ ያስኬደው ነበር።

የመጀመሪያው የወደቀው አይሮፕላን

እንግሊዝ በጀርመን ላይ ጦርነት ባወጀች በሦስተኛው ቀን፥ ማለት ሴፕቴምበር 6 ቀን 1939 ጧት፥ የጠላት አይሮፕላኖች የባሕሩን ጠረፍ ተሻግረዋል የሚል ወሬ መጣ። ኖርዝ ዊልድ ከተባለው ሜዳ ሀሪኬን የተባሉት የእንግሊዝ አይሮፕላኖች ጠላትን ለመቀበል ተነሡ። ሆርንቸርች ከተባለውም ሜዳ ስፒትፋየሮች ተነሡ። ስፒትፋየሮቹ ከሩቅ አይሮፕላኖች አዩ፤ የጠላት ናቸው ብለውም ተኩሰው ሁለቱን ጣሉ። የወደቁት ግን ሀሪኬኖች ነበሩ። ከሁለቱ ነጂዎች አንዱ በሕይወት ወጣ፤ ሁለተኛው፥ ሞንታግ ሐልተን ሀሮፕ፥ ሞተ። በዚያ ጧት በሰማዩ ላይ አንድም የጀርመን አይሮፕላን አልነበረም።

እንግሊዞች ይህን ነገር የባርኪንግ ክሪክ ውጊያ እያሉ በኀዘን ይጠሩታል። ከእንግሊዝ የተዋጊ አይሮፕላን ነጂዎች በዚያ ጦርነት መጀመሪያ የሞተው በወገኑ ጥይት ነው፤ ስፒትፋየርም መጀመሪያ የጣለው የጠላትን አይሮፕላን ሳይሆን የወንድሙን ነው። የተኮሱት ሁለት ነጂዎች በጦር ፍርድ ቤት ቀርበው በነጻ ተለቀቁ። ስሕተቱ የእነርሱ ብቻ አልነበረምና፤ የወሬውና የትእዛዙም ስሕተት ነበረበት። ነገር ግን አንድ ነገር ለሁሉም ግልጥ ሆነ፤ በሰማይ ላይ ያለውን አይሮፕላን በቅጽበት አይቶ ይህ የወገን ነው፥ ይህ የጠላት ነው ብሎ የሚለይ ዓይን ከመትረየሱ ያላነሰ መሣሪያ መሆኑ ታወቀ።

የተማሪዎች ሥራ

እንዲህ ያለውን ዓይን በምን ማሠልጠን ይቻላል? ሥዕል አንድ ወገን ብቻ ያሳያል። አይሮፕላን ግን ከፊት፥ ከጎን፥ ከበታች ሲታይ መልኩ ይለዋወጣል። ከሁሉ የሚሻለው መምህር በእጅ የሚዞር ትንሽ አምሳያ ሆኖ ተገኘ።

ከዚህም የተነሣ የአሜሪካ የባሕር ኃይል በ1942 መጀመሪያ ላይ ያገሩን ተማሪዎች አንድ ነገር ለመነ። የለመነውም 500,000 የአይሮፕላን አምሳያ ከእንጨት ሠርተው እንዲሰጡት ነው፤ ይኸውም 50 ዓይነት አይሮፕላን፥ ከእያንዳንዱም ዓይነት 10,000 ማለት ነው። ሥዕሉና ልኩ ለየትምህርት ቤቱ ተላከ። ልጆቹ በየእንጨት ሥራ ክፍላቸው እየቀረጹ፥ እየላጉና ጥቁር ቀለም እየቀቡ አቀረቡ። መምህራንም አንድ በአንድ እየለኩ ልኩን ያልጠበቀውን ይመልሱ ነበር። ተቀባይነት ያገኘ ሥራ የሠራ ተማሪ የምስክር ወረቀት ይሰጠው ነበር። ልጆቹ የሠሯቸው አምሳያዎች በየጦር ሰፈሩ ጣራ ላይ ተንጠልጥለው የመርከብ ተኳሾችንና የአይሮፕላን ነጂዎችን ዓይን አሠለጠኑ።

እነዚያ አምሳያዎች ሁሉ ከእውነተኛው አይሮፕላን ከ72 አንድ እጅ ነበሩ። ይህ መጠን ከጦርነቱ በፊት በእንግሊዝ አገር የተለመደ ነው። ስድስት ጫማ በአንድ ኢንች ሲመሰል ቁጥሩ 72 ይሆናል፤ ስለዚህ ስድስት ጫማ ቁመት ያለው ሰው በዚህ መጠን አንድ ኢንች ብቻ ነው። ለተኳሾች ትምህርት ግን መጠኑ ሌላ ጥቅም ነበረው። አምሳያውን በ10 ሜትር ርቀት ያየ ሰው፥ እውነተኛውን አይሮፕላን በ720 ሜትር ርቀት እንዳየው ያህል ነው። ስለዚህ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ሰማዩን ሁሉ ማምጣት ተቻለ።

ዛሬ ይህን አምሳያ ከፕላስቲክ ተሠርቶ በካርቶን ተከፋፍሎ የሚሸጠውን ገዝቶ መገጣጠም ይቻላል። ከፕላስቲክ የተሠራ የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ዕቃ በእንግሊዝ አገር በ1936 ለገበያ ወጣ፤ ኤርፊክስ የተባለው ኩባንያም በ1950ዎቹ ትንሹን ስፒትፋየር በሁለት ሺሊንግ ይሸጥ ጀመር። ሆኖም በእጅ ከእንጨት የተቀረጸው ይበልጥ ያስተምራል ብለን እናምናለን። የተዘጋጀውን የሚገጣጥም ልጅ ቅርጹን ከፋብሪካው ይቀበላል፤ የሚቀርጸው ልጅ ግን ቅርጹን ራሱ ፈልጎ ማግኘት አለበት።

ስለ አሠራሩ

አስቀድሞ የሚያስፈልገው እንጨት ነው። ደረቅ፥ አንጓና ስንጥቅ የሌለበት ዝግባ ወይም ዋንዛ ይመረጣል። ለገላው 13 ሳንቲሜትር ርዝመት፥ 3 ሳንቲሜትር ቁመትና 2 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ ይበቃል። ለክንፎቹ ከ5 ሚሊሜትር የማይወፍሩ ሁለት ጣውላዎች ያስፈልጋሉ፤ የእንጨቱም ሥር በክንፉ ርዝመት በኩል የሚሄድ ይሁን፤ ያለዚያ ሲቀርጹት ይሰበራል። መሣሪያውም ትንሽ መጋዝ፥ የሰላ ሰንጢ፥ ሞረድ፥ ብርጭቆ ወረቀት፥ ማስመሪያ፥ ወረንጦ፥ የእንጨት ኮላና ትንሽ ስቱኮ ነው። ሰንጢ በልጅ እጅ ሲገባ አባት ወይም ታላቅ ወንድም አጠገቡ ይቀመጥ፤ ስለቱም ሁልጊዜ ከሰውነት ወደ ውጭ እንጂ ወደ ሰውነት አይሂድ።

አንደኛ፥ አይሮፕላኑን ከላይ፥ ከጎንና ከፊት የሚያሳይ ትክክለኛ ሥዕል ይገኝ። ሥዕሉ ሲገኝ ወዲያው ወደ መቅረጽ መሄድ አይገባም፤ አስቀድሞ ልኩ ይመርመር። ከ72 አንድ በሆነው መጠን የክንፉ ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ 156 ሚሊሜትር፥ የገላው ርዝመት 127 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ይህን ሒሳብ ልጁ ራሱ ያውጣው። 11.23 ሜትርን ለ72 ያካፍል፤ መልሱን ካገኘ በኋላ በማስመሪያ ሥዕሉን ይለካ። በትምህርት ቤት ትርጉም የሌለው መስሎ የታየው ማካፈል በዚህ ጊዜ ትርጉም ያገኛል።

ሁለተኛ፥ የጎኑንና የላዩን ቅርጽ ከካርቶን ላይ ቆርጦ በእንጨቱ ላይ አስቀምጦ በእርሳስ መክበብ ነው። መጀመሪያ የጎኑ ቅርጽ በመጋዝ ይቆረጣል፤ ቀጥሎ የላዩ። በዚህ ጊዜ ገላው አራት ማዕዘን ያለው ሣጥን ይመስላል። ማዕዘኖቹን ለማክበብ ከካርቶን ላይ የገላውን ክብ ግማሽ ቆርጦ ባዶውን ማስቀረትና፥ እየቀረጹ በየቦታው መለካት ያስፈልጋል። በካርቶኑና በእንጨቱ መካከል ብርሃን የሚያልፍ ከሆነ ሥራው ገና አላለቀም፤ ወይም ከልኩ አልፏል። የተረፈ እንጨት ይነሣል፤ የተነሣው ግን አይመለስምና ጥቂት ጥቂት መላግ ይሻላል።

ሦስተኛው የክንፉ ሥራ ነው፤ የስፒትፋየር መልክ ሁሉ ያለው በዚህ ነው። ክንፉ ከገላው ጋር በሚገናኝበት ስፍራ ስፋቱ 35 ሚሊሜትር፥ ውፍረቱም ከ5 ሚሊሜትር ያነሰ ነው፤ ወደ ጫፉ ሲሄድ ሁለቱም ይቀንሳሉ። ሞላላው እኩል አይደለም፤ የፊቱ ጠርዝ በዝግታ ይጎብጣል፥ የኋላው ጠርዝ ግን በብዙ ይጎብጣል። ሁለቱን ጠርዞች እኩል ያጎበጠ ሰው የቅጠል ቅርጽ እንጂ የስፒትፋየር ክንፍ አይወጣለትም። ከጎን ሲታይ የፊቱ ጠርዝ ክብ ሆኖ፥ ውፍረቱ ከፊት ወደ ሲሶው ገደማ ከፍ ብሎ፥ ወደ ኋላ ቀጭን ስለት እስኪሆን ይወርዳል።

አራተኛው መገጣጠም ነው። የስፒትፋየር ክንፍ በጠፍጣፋ የተዘረጋ አይደለም፤ ከገላው ተነሥቶ ወደ ጫፉ በ6 ዲግሪ ወደ ላይ ይነሣል። በእኛ መጠን ጫፉ ከሥሩ 7 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ይላል ማለት ነው። ይህን ለመጠበቅ ከካርቶን ሁለት መደገፊያ ቆርጦ በየክንፉ ጫፍ ሥር ማቆምና ከፊት ሆኖ በአንድ ዓይን መመልከት ነው። አንዱ ክንፍ ከሌላው ከፍ ያለ እንደ ሆነ አይሮፕላኑ የቆሰለ ወፍ ይመስላል። ኮላው ከተቀባ በኋላ እስከ ማግሥቱ አይነካ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደ ተባለ፥ ለመቸኮል የቸኮለ ልጅ ሁለት ጊዜ ይሠራል። ክንፉ ከገላው ጋር የሚገናኝበት ማዕዘን በእውነተኛው አይሮፕላን ላይ ለስላሳ ጉብጠት አለው፤ ይህም በስቱኮ ተሞልቶ፥ ሲደርቅ በጣት ላይ በተጠመጠመ ብርጭቆ ወረቀት ይላጋል።

አምስተኛ፥ ትንንሾቹ ነገሮች ናቸው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ቦታ አለ። በመጀመሪያው ዓይነት ስፒትፋየር ላይ የሞተሩ ማብረጃ ያለው በቀኝ ክንፍ ሥር ሲሆን ትልቅ ነው፤ በግራው ክንፍ ሥር ያለው ግን የዘይት ማብረጃ ብቻ ስለ ሆነ ትንሽ ነው። ሁለቱን እኩል አድርጎ የሠራ ሰው፥ ሳያውቀው ኋላ የመጣውን ሌላ ዓይነት መልክ ሰጥቶታል። የፕሮፔለሩም ክንፎች ቁጥር እንዲሁ ዘመኑን ይናገራል፤ በመጀመሪያ ሁለት፥ ቀጥሎ ሦስት፥ ኋላ አራት፥ በመጨረሻም አምስት ሆነዋል። የ1940ው ስፒትፋየር ሦስት ነበረው።

ቀለሙና የቀለሙ ታሪክ

ለዓይን ማሠልጠኛ የሚፈለግ እንደ ሆነ፥ የአሜሪካ ልጆች እንዳደረጉት ሁሉን ጥቁር መቀባት ይበቃል። በቤት ውስጥ በክብር የሚቀመጥ እንዲሆን የሚፈልግ ግን የ1940ውን ቀለም ይቀባ። የላዩ ወገን የአፈር ቀለም ቡናማና ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ በማዕበል መልክ የተቀላቀለ፥ የታቹም ወገን ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ፈዛዛ አረንጓዴ ነው። ቀለሙ ቀጭን ሆኖ ሁለት ጊዜ ይቀባ፤ የወፈረ ቀለም የተደከመበትን ቅርጽ ይሸፍነዋልና።

የ1944ውን ስፒትፋየር የሚሠራ ሰው ደግሞ በክንፎቹና በገላው ዙሪያ ሦስት ነጭና ሁለት ጥቁር መስመር ያደርጋል። እያንዳንዱ መስመር በእውነተኛው አይሮፕላን ላይ 18 ኢንች ስለ ነበረ፥ በአምሳያው ላይ ከ6 ሚሊሜትር ጥቂት የበለጠ ይሆናል። ልጁ ይህን ሲቀባ ምክንያቱን መጠየቁ አይቀርም፤ መልሱንም መንገር ይገባል።

በ1943 ጁላይ 11 ቀን ሌሊት 144 የአሜሪካ አይሮፕላኖች በጃንጥላ የሚወርዱ ወታደሮችን ይዘው ወደ ሲሲሊ ደሴት ሲሄዱ፥ በባሕር ያሉት መርከቦችና በየብስ ያሉት መድፈኞች የጠላት መስለዋቸው ተኮሱባቸው። 23ቱ አይሮፕላኖች ጠፉ። ይህ እንዳይደገም በ1944 ጁን 6 ቀን ወደ ኖርማንዲ በዘመቱ ጊዜ የወገን አይሮፕላኖች ያን ነጭና ጥቁር መስመር እንዲቀቡ ታዘዘ። ከዚህም በላይ አይሮፕላንን ለይቶ በማወቅ የተፈተኑ ወደ 800 ያህል የእንግሊዝ ፈቃደኞች በየመርከቡ ላይ ተመደቡ፤ ሥራቸውም ለተኳሾቹ ይህን ተኩሱ፥ ይህን ተዉ እያሉ መንገር ነበር። እነዚህ በሰላሙ ጊዜ በየሱቁ፥ በየቢሮውና በየእርሻው ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ዋና መሣሪያቸውም የሠለጠነ ዓይናቸው ነበረ።

የአሥር ሜትሩ ፈተና

ሥራው ሲያልቅ ቤተ ሰቡ ሁሉ የሚሳተፍበት ፈተና አለ። አንዱ አምሳያውን ይዞ 10 ሜትር ርቆ ይቁም። ሌሎቹ ዓይናቸውን ጨፍነው በጭብጨባ ይግለጡ፤ እስከ ሦስት ከተቈጠረ በኋላ አምሳያው ይደበቅ፤ ከዚያም ያዩት የትኛው አይሮፕላን እንደ ሆነ፥ ወዴትስ ይሄድ እንደ ነበረ ይናገሩ። አንድ ጊዜ ከፊት፥ አንድ ጊዜ ከሥር፥ አንድ ጊዜ ዘንበል አድርጎ ማሳየት ነው። በጦርነቱ ጊዜ ሳሙኤል ሬንሾ የተባሉ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ መምህር የአሜሪካን የባሕር ኃይል ሰዎች ሥዕልን ከሰከንድ እጅግ ባነሰ ጊዜ ብልጭ እያደረጉ በማሳየት ያሠለጥኑ ነበር። የሚያስተምሩትም ክፍል ክፍሉን መቍጠርን ሳይሆን መልኩን በአንድ ጊዜ መያዝን ነው፤ እናት ልጇን ከሩቅ በአካሄዱ እንደምታውቀው ማለት ነው።

ፈተናው ትርጉም የሚያገኘው አምሳያው ከአንድ ሲበልጥ ነው። ስለዚህ ከስፒትፋየር ቀጥሎ ሀሪኬን ቢሠራ እንመክራለን። ሀሪኬን ጀርባው ጎበጥ ያለ፥ ክንፉ የወፈረ፥ የክንፉም ርዝመት 12.19 ሜትር ስለ ሆነ በአምሳያ 169 ሚሊሜትር ነው። ይህ አይሮፕላን ለአገራችንም እንግዳ አይደለም፤ በ1941 ኢትዮጵያ ነጻ በወጣችበት ዘመቻ የደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል ነጂዎች በሀሪኬን ተዋግተዋል። ሦስተኛው የጀርመኑ ሜሰርሽሚት 109 ይሁን፤ በ1940 የነበረው ዓይነት ክንፉ ጠባብና ጫፉ በቀጥታ የተቆረጠ፥ ርዝመቱም በአምሳያ 137 ሚሊሜትር ነው። ሦስቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ልዩነታቸው ግልጥ ነው። ሦስቱ በ10 ሜትር ርቀት ከፊት ብቻ ለአንድ አፍታ ሲታዩ ግን በዚያ በሴፕቴምበር ጧት የሆነው ነገር እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ ሰው በራሱ ዓይን ይረዳዋል።

የጦር መሣሪያ አምሳያ ለልጅ ይገባልን?

አንዳንድ ወላጆች፥ ሰውን የሚገድል መሣሪያ አስመስሎ መሥራት የልጅን ልብ ያጨክናል ብለው ይሰጋሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም። አይሮፕላኑን በአፉ እያጓራ የሚያስሮጥና ሁልጊዜ አሸናፊ የሚሆን ልጅ ስለ ጦርነት የተማረው ሐሰት ነው። በእውነተኛው ሰማይ ሁልጊዜ ያሸነፈ የለም።

ነገር ግን መሣሪያውን መከልከል እውነቱን ማስተማር አይደለም። ልጁ በዚህ ዘመን የጦር አይሮፕላንን ሥዕል በየቦታው ያያል። እንግዲህ የሚሻለው ሥራውን ከታሪኩ ጋር አብሮ መስጠት ነው። ክንፉን ሲቀርጽ፥ ይህን ክንፍ ያሰበው ሰው ታሞ ሳለ እንደ ሠራውና ፍሬውን ሳያይ እንደ ሞተ ይነገረው። መትረየሶቹን በእርሳስ ሲያመለክት፥ የእነዚህ መትረየሶች የመጀመሪያ ጥይት ያረፈው በወገን ላይ እንደ ሆነ ይወቅ። መስመሮቹን ሲቀባ ሲሲሊን ይስማ። እንዲህ አድርጎ የሠራ ልጅ አይሮፕላኑን ቢወደው ውበቱንና የሰውን ጥበብ ይወዳል እንጂ መግደልን አይወድም። በእያንዳንዱ መስተዋት ክዳን ሥር አንድ የሰው ልጅ ተቀምጦ እንደ ነበረም ይረዳል።

ይህ ትምህርት ለሰማይ ብቻ የተወሰነ አይደለም። ሳያጣሩ የፈረዱበት፥ ሳይለዩ የቀጡት፥ ከሩቅ አይተው ጠላት ነው ያሉት ወገን በምድርም ላይ ይገኛል። በሹመት ላይ ያለ ሰው፥ ዳኛም ቢሆን አዛዥ፥ በየቀኑ አንድን ነገር ለአፍታ አይቶ ውሳኔ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ከመተኮሱ በፊት የክንፉን ቅርጽ የሚመለከት ዓይን በአንድ ቀን አይበቅልም፤ በልጅነት፥ በትንሽ ነገር፥ አንድ ሚሊሜትር እንዳይጎድል በመጠንቀቅ ይጀመራል።

ስለዚህ ወላጆች ለወንዱም ለሴቷም ልጅ በዕረፍት ቀን አንድ ቁራጭ እንጨትና አንድ ማስመሪያ ሰጥተው አብረው እንዲቀመጡ እናሳስባለን። የመጀመሪያው አምሳያ ቢጣመም አይጣል፤ በላዩ ቀን ተጽፎበት በመደርደሪያ ላይ ይቀመጥ። ሦስተኛው ሲሠራ ከመጀመሪያው ጋር ይተያይ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ልጁ ያተረፈው ትዕግሥትና ማስተዋል ነው።